የፓስቸራይዘር ፕሌት እጥበትና ፍተሻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሱሉልታ ውስጥ በአንድ ወተት ማቀነባበሪያ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ከሰንዳፋ፣ ከሰበታና ከሆለታ የሙያ ጓደኞቼ ይደውሉልኛል። የሚጠይቁኝ ስለ ፓስቸራይዘር፣ ማለትም ጥሬ ወተትን በሙቀት አክሞ ጀርሙን ስለሚገድለው ማሽን ነው። ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ መልሱን እዚህ አሰባስቤዋለሁ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ፕሌት የሚከፈተው ለማጠብ ብቻ ሳይሆን ለማየትም ነው። ሳይታይ የቀረ ቀዳዳ ጥሬውን ወተት ከታከመው ጋር ያገናኛል። ያንን ወተት ደግሞ ሕፃናት ይጠጡታል።

ፕሌት የምንለው በትክክል ምንድነው?

ስስ የስቴንለስ ላሜራ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው። ላዩ ላይ የዓሣ አጥንት የሚመስል ሞገድ ታትሞበታል። ሞገዱ ፈሳሹን ያተራምሰዋል፣ ሙቀቱም ቶሎ እንዲያልፍ ይረዳል። ፕሌቶቹ ግፊት የሚችሉትም የሞገዶቹ ጫፎች እርስ በርስ ስለሚደጋገፉ ነው። ዙሪያውን ጋስኬት አለ፣ የድሮ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉት። በአንዱ ክፍተት ወተት፣ በሚቀጥለው ሙቅ ውሃ፣ እንዲህ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ።

ይህን ማሽን ለወተት ሥራ ገበያ ላይ ያዋለው ሪቻርድ ሴሊግማን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1923። መሠረታዊ አሠራሩ እስከ ዛሬ ያው ነው። ፕሌቱ የሳሳው ሙቀት እንዲያሳልፍ ነው። ለጭረት፣ ለጨውና ለግዴለሽ እጅ የማይመቸውም በዚሁ መሳሳቱ ምክንያት ነው።

እጥበት እንደሚያስፈልገው በምን አውቃለሁ?

ማሽኑ ራሱ ይነግራችኋል፤ ብቻ ቁጥሩን ጻፉት። ወተቱ 72 ዲግሪ ደርሶ 15 ሰከንድ መቆየት አለበት። ይህን ለማግኘት ድሮ 76 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ይበቃ ከነበረና አሁን 80 ከጠየቃችሁ፣ በመሃል የሆነ ነገር ተጋግሮ ሙቀቱን ከልክሏል ማለት ነው። ሁለተኛው ምልክት ግፊት ነው። በመግቢያውና በመውጫው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ቀን በቀን ከጨመረ መንገዱ እየጠበበ ነው።

እኛ ጋ ከፓስቸራይዘሩ አጠገብ በገመድ የታሰረ ደብተር አለ። ተረኛው በየሰዓቱ አራት ቁጥር ይጽፋል። ከየትኛውም ውድ መሣሪያ በላይ የረዳኝ እሱ ደብተር ነው።

ፕሌቱ ላይ የሚጋገረው ምንድነው?

ቤት ውስጥ ወተት ስታፈሉ ድስቱ ሥር የሚይዘውን አስቡ። ወተት ውስጥ ቤታ ላክቶግሎቡሊን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሙቀቱ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሲያልፍ ቅርፁን ይቀይርና መጣበቅ ይጀምራል። ካልሲየም ፎስፌትም ሙቀት ሲጨምር መሟሟቱ ስለሚቀንስ አብሮት ይቀመጣል። ሁለቱ ተደራርበው ነጣ ያለ፣ ሲደርቅ ድንጋይ የሚመስል ነገር ይሠራሉ።

በሙቅ ውሃው በኩል ያለው ሌላ ነው። እሱ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምታውቁት የኖራ ቅርፊት ነው። በተለይ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ልንገራችሁ። መኮምጠጥ የጀመረ ወተት ከትኩሱ ይበልጥ ይጋገራል። ከገበሬው ሳይቀዘቅዝ ረጅም መንገድ የመጣ ወተት መኮምጠጡን በሚያሳየው የአልኮል ፈተና ላይ «ለዛሬ ይለፍ» ከተባለ፣ ዕዳውን ከሰዓት በኋላ ፕሌቱ ላይ ታገኙታላችሁ። ለእጥበቱ የምትለፉትን ግማሹን ርክክብ ላይ የቆመችው የላቦራቶሪ ልጅ ልታስቀርላችሁ ትችላለች። አክብሯት።

ሳይከፈት በየቀኑ እንዴት ይታጠባል?

ወተቱ እንዳለቀ ወዲያው ለብ ባለ ውሃ ማለቅለቅ ነው። የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል ድረስ። ቀጥሎ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የኮስቲክ ሶዳ ውህድ 75 ዲግሪ አካባቢ ለግማሽ ሰዓት ይዙር። ኮስቲኩ ፕሮቲኑንና ስቡን ይፈታል። አለቅልቁት። ከዚያ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ለሃያ ደቂቃ። አሲዱ ማዕድኑን ያነሳል። እንደገና በደንብ አለቅልቁ። ለወተት መጀመሪያ ኮስቲኩ፣ ከዚያ አሲዱ ነው። የኬሚካሉ አምራች በጀሪካኑ ላይ ሌላ መጠን ከጻፈ የእሱን ተከተሉ።

ኬሚካል ብቻውን አያጥብም። ፍጥነት ያስፈልገዋል። የእጥበቱ ውህድ ከወተቱ በፈጠነ ፍሰት መሄድ አለበት። ፓምፑ ደካማ ከሆነ ኮስቲክ ብትጨምሩ ትርፉ ወጪ ነው።

አሁን ደግሞ የእኛ አገር ነገር። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ትላለች። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን 92 ዲግሪ ሳይደርስ ነው። ከውጭ የመጣ መመሪያ ላይ 85 ዲግሪ የሚል አይታችሁ ክፍት ታንክ ውስጥ ብታሞቁ፣ ፓምፑ እየሳበ በእንፋሎት ይንጫጫል፣ ፍሰቱም ይወርዳል። ያኔ ሙቀት ጨምራችሁ እጥበት ቀነሳችሁ ማለት ነው። እኔ 75 ላይ ነው የማቆመው። የጎደለውን በጊዜ እሞላዋለሁ።

የሙቅ ውሃው ክፍል በዚህ እጥበት እንደማይታጠብ አትርሱ። ኖራው ከበዛ ለብቻው አሲድ አዙሩበት።

በረኪና ብጠቀምስ?

አይሆንም። በረኪና ክሎሪን አለው፣ ክሎሪን ደግሞ ስቴንለስን በነጥብ በነጥብ ይበሳዋል። ሙቀት ከታከለበት ይብሳል። በአሲድ ላይ ካፈሰሳችሁት ደግሞ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ሰው ይገድላል። የጨው አሲድም፣ ማለትም ሃይድሮክሎሪክ፣ ስቴንለስ አጠገብ አይድረስ። ስትበጠብጡ አሲዱን ወደ ውሃው አፍሱ እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አታፍሱ። መነፅርና ረጅም ጓንት አድርጉ።

ወተት ውስጡ እያለ መብራት ቢጠፋስ?

ይሄ የሁላችን ጥያቄ ነው። ፓምፑ ቆሞ ሙቅ ውሃው በፕሌቱ ማዶ እንዳለ፣ ወተቱ ባለበት ይበስላል። ግማሽ ሰዓት ከቆየ የሳምንት ያህል ይጋገራል። ጄኔሬተሩ ቶሎ የማይነሳ ከሆነ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ሮቶ ውሃ በራሱ ክብደት ወርዶ ወተቱን እንዲገፋው የሚያደርግ መስመር አስቀጥሉ። አንድ ቫልቭና ጥቂት ሜትር ቱቦ ነው። እኛ ካስቀጠልነው ወዲህ በእጅ የምንፈገፍገው በጣም ቀንሷል። መብራት ሲመጣ በቀጥታ ወደ ወተት አትመለሱ። መጀመሪያ ሙሉ እጥበት ይደረግ።

በየስንት ጊዜ ልክፈተው?

የደብተሩ ቁጥር ከእጥበት በኋላም ወደ ቦታው ካልተመለሰ ክፈቱት። ምንም ምልክት ባይኖርም በዓመት አንዴ መከፈት አለበት።

የእኔ ምክር በሁዳዴ ክፈቱት ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው። የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ፈረቃ ይቀንሳል፣ ማንም «ቶሎ ዝጋው» ብሎ አይጮህባችሁም። ጋስኬት ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ግን ትእዛዙን ከገና በፊት ስጡ። ማሽኑን ከፍቶ ጋስኬት መጠበቅ በጣም ከባድ ነው። ፋሲካ ደግሞ አይጠብቅም፤ የጾሙ ፍቺ ዕለት ሁሉም ወተት ይፈልጋል።

ስከፍተው ምን ልጠንቀቅ?

መጀመሪያ ይቀዝቅዝ። ከ40 ዲግሪ በታች ሳይወርድ ቡሎን አትንኩ። ግፊቱ ዜሮ መሆኑን፣ ውስጡ መፍሰሱን፣ ፓምፑ ከኤሌክትሪክ መቆለፉን አረጋግጡ።

ከዚያ ከመፍታታችሁ በፊት ለካ ለካ አድርጉ። ፕሌቶቹን ከፊትና ከኋላ አጣብቀው በያዙት ሁለት ወፍራም ብረቶች መካከል ያለውን ርቀት ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ በግራም በቀኝም። ይህ ቁጥር በማሽኑ ሰሌዳ ላይ «ኤ» በሚል ፊደል የተጻፈው ነው። ትልቁና ትንሹ ገደቡ አብሮ አለ። ቀጥሎ በፕሌቶቹ ጎን ላይ ከላይኛው ጥግ እስከ ታችኛው ጥግ አንድ የሰያፍ መስመር በቀለም አስምሩ። ስትዘጉ አንድ ፕሌት ቦታውን ከሳተ መስመሩ ይሰበራል፣ ወዲያው ታዩታላችሁ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ የአንድ ቀን ድካም ያድናል።

ዳዶዎቹን በሰያፍ እየተፈራረቃችሁ በጥቂት በጥቂቱ ፍቱ። አንዱን ጎን ብቻ ፈትታችሁ ብረቱ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይዘም። የፕሌት ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው፣ ባዶ እጅ አይሆንም።

በእጅ ሲታጠብ በምን ልፈግፍገው?

በለስላሳ የናይለን ብሩሽና በውሃ። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አይነካውም። የብረት ብሩሽም እንዲሁ። የሽቦው ቅንጣት ፕሌቱ ላይ ይቀርና ይዝጋል፣ ከሥሩም ስቴንለሱ መበላት ይጀምራል። በቢላ መፋቅማ አይታሰብም።

ያልለቀቀ ካለ ፕሌቱን አውጥታችሁ በተመሳሳይ ኮስቲክ ወይም አሲድ ውስጥ ዘፍዝፉት። ትዕግሥት ከጉልበት ይሻላል። በኃይለኛ የውሃ ግፊት የምታጥቡ ከሆነ ከጀርባው ጠፍጣፋ እንጨት አስደግፉት፣ ውሃውን ወደ ጋስኬቱ ጠርዝ አታነጣጥሩ፤ ከቦይው ይነቅለዋል።

ፍተሻው እንዴት ነው? ንጹሕ ከሆነ በቂ አይደለም?

በቂ አይደለም። የሚያብረቀርቅ ፕሌት ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። እንዲያውም ቀዳዳውን ዘግቶት የነበረው ቆሻሻ ሊሆን ስለሚችል፣ ከታጠበ በኋላ ነው የሚገለጠው።

በዓይን ጀምሩ። ክፍሉን አጨልሙ፣ ከፕሌቱ ጀርባ ጠንካራ ባትሪ አብሩ፣ ቀስ ብላችሁ ከላይ ወደ ታች ሂዱ። ብርሃን ካለፈ ጉዳዩ አለቀ፣ ያ ፕሌት ይወገዳል። ካላለፈ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ስንጥቅ ጠማማ ስለሆነ ብርሃን ላያሳልፍ ይችላል። በተለይ የሞገዶቹ ጫፎች የሚነካኩበትን ቦታ እዩ። ግፊት ሲወጣና ሲወርድ ፕሌቱ የሚላወሰው እዚያ ነው። ከጋስኬቱ ሥር ያለውን ቦይም እዩ፤ ጨው የሚደበቅበት ስለሆነ ጥቁር ነጠብጣብ እዚያ ይጀምራል። የመግቢያና መውጫ ቀዳዳዎቹን ዙሪያም በጣታችሁ ዳስሱ።

ቀጥሎ የቀለም ፍተሻ። ሰርጎ የሚገባ ቀይ ቀለምና ነጭ ገላጭ፣ ሁለት ቆርቆሮ ስፕሬይ ነው። ፕሌቱ ፍጹም ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ቀዩን በአንዱ ፊት ንፉ። ነጩን በሌላኛው ፊት። ከዚያ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቁ።

መጀመሪያ የሠራሁበትን ቀን አልረሳውም። ሃያ ሦስት ፕሌት አይተን ነጩ ነጭ እንደሆነ ነው። ሃያ አራተኛው ላይ፣ ፈሳሹ በሚያልፍበት ታችኛው ቀዳዳ አጠገብ፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል ቀይ ነጥብ ብቅ አለች። ነጩ ላይ እንደ ደም ነው የምትታየው። እያየናት ሰፋች። ጨርቅ ወስጄ ጠረግኋት፣ ነጩን ደግሜ ነፋሁ፣ ተመልሳ መጣች። ያንን ፕሌት ጠዋት አጥበን «እንዴት ያምራል» ብለነው ነበር። ከዚያ በኋላ አንድም ፕሌት ሳላስፈትሽ አልዘጋሁም።

ፍተሻው ሲያልቅ ቀለሙ በማጽጃና በብዙ ውሃ ሙልጭ ብሎ ይታጠብ። ወተት የሚነካ ዕቃ ነው።

ቀዳዳ ካለ ከውጭ አይንጠባጠብም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙዎችም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ወደዚያ ክፍተት የማይገባው ፈሳሽ በሚያልፍባቸው የፕሌቱ ቀዳዳዎች ዙሪያ ጋስኬቱ ድርብ ነው፣ በመሃሉም ወደ ውጭ የሚያወጣ ትንሽ መክፈቻ አለ። ጋስኬቱ ሲያረጅ ፈሳሹ በዚያ ወደ ወለል ይንጠባጠባል እንጂ ከሌላው አይቀላቀልም። ወለሉ ላይ የሚታየው ጠብታ እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ነው።

ፕሌቱ ራሱ ሲበሳ ግን ጠብታ የለም። ፈሳሹ ከአንዱ ክፍተት ወደ ጎረቤቱ ይገባል፣ ወለሉ ደረቅ ነው። በጣም የሚያስፈራው ጥሬው ቀዝቃዛ ወተትና የታከመው ሙቅ ወተት ሙቀት የሚለዋወጡበት ክፍል ነው። ለዚህ ነው እዚያ የታከመው ወተት ግፊት ምንጊዜም ከጥሬው መብለጥ ያለበት። ቀዳዳ ቢኖር እንኳ ንጹሑ ወደ ጥሬው እንዲሄድ። ሁለቱን የግፊት ሰዓቶች በየቀኑ እዩ። የተሰበረ ሰዓት ካለ ዛሬውኑ ይቀየር።

አንድ ፕሌት ተበላሽቶ መለዋወጫ ባይኖርስ?

አንድ ብቻ አይወጣም፤ ቅደም ተከተሉ ይዛባል። አጠገቡ ካለው ጋር ሁለት አውጡ። ሁለቱም አራት ቀዳዳ ያላቸው መደበኛ ፕሌቶች መሆን አለባቸው። ከዚያ የ«ኤ» ልኬት ይቀንሳል። ለምሳሌ 100 ፕሌት በ320 ሚሊ ሜትር የሚጠብቅ ከሆነ ለአንዱ 3.2 ይደርሰዋል፣ ለሁለት 6.4። አዲሱ ልክ 313.6 ነው። በድሮው ልክ ከተዋችሁት ያፈሳል። አቅሙም በትንሹ ስለሚቀንስ 72 ዲግሪ መድረሱን አረጋግጡ።

ጋስኬት መቼ ይቀየራል?

በጥፍር ስትጫኑት የማይመለስ ከሆነ፣ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ፣ ወይም ጠፍጥፎ ከቀረ። የጎማውን ዓይነትም እዩ። ኢፒዲኤም የሚባለው ሙቀት ይችላል፣ ዘይትና ስብ ግን አይስማማውም፤ ያብጣል። ኤንቢአር ስብ ይችላል፣ ሙቀት ላይ ግን ከሱ ያንሳል። ለክሬም የምትጠቀሙበትን ስታዝዙ ይህን ጠይቁ።

አዲሱን ጋስኬት ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። የብየዳ ክፍልና ሞተር አጠገብ አይሁን፤ እዚያ የሚፈጠረው ኦዞን ጎማ ያደርቃል።

ሲዘጋ ምን ያህል ላጥብቀው?

በ«ኤ» ልኬት እንጂ በጉልበት አይደለም። ይህን በውድ ዋጋ ነው የተማርኩት። ቀድሞ በሠራሁበት ቦታ አንድ ጠዋት ማሽኑ ይንጠባጠብ ነበር። መኪና ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ማሽኑ እየሠራ፣ በትኩሱ፣ ዳዶዎቹን ጠብታው እስኪቆም አጠበቅሁ። ቆመ። ሁሉም ተደሰተ። አልለካሁም። በሚቀጥለው ስንከፍተው የሞገዶቹ ጫፎች በብዙ ፕሌቶች ላይ ተጨፍልቀው አገኘናቸው። ከትንሹ ገደብ በታች አውርጄው ኖሯል። ጋስኬት ብቻ ቀይረን የምንወጣው ነገር ፕሌት አስገዛ።

ስለዚህ ቀዝቃዛና ያለ ግፊት እያለ፣ በሰያፍ እየተፈራረቃችሁ፣ በየዙሩ እየለካችሁ አጥብቁ። አዲስ ጋስኬት ከሆነ ከትልቁ ገደብ ጀምሩ። ትንሹ ገደብ ላይ ደርሶም የሚያፈስ ከሆነ ችግሩ የጋስኬት ነው። ክፈቱት።

ከተዘጋ በኋላ ወዲያው ወተት ላስገባ?

መጀመሪያ በውሃ። አንዱን ወገን በውሃ ሞልታችሁ ግፊት ስጡት፣ ሌላውን ወገን ባዶና ክፍት ተዉት። ባዶው ወገን ላይ ውሃ ከታየ ቀዳዳ አለ። ግፊቱ ከሰሌዳው ገደብ አይለፍ፣ ቫልቭም በዝግታ ይከፈት። ከዚያ ሙሉ እጥበት፣ ከዚያ ወተት።

ከመጀመሪያው ወተት ናሙና ወስዳችሁ የፎስፋቴዝ ምርመራ አሠሩ። ይህ ጥሬ ወተት ውስጥ የሚገኝ ኢንዛይም በትክክለኛ ሙቀት ይጠፋል። የታከመው ወተት ውስጥ ከተገኘ ወይ ሙቀቱ አልደረሰም፣ ወይ ጥሬ ወተት ተቀላቅሏል። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን ወተቱ ከቦታው አይወጣም፤ ይያዝ።

የተበሳውን ፕሌት ማስበየድ አይቻልም?

አይቻልም። ግማሽ ሚሊ ሜትር ላሜራ በብየዳ ይጣመማል፣ ሞገዱም አይመለስም። ከጎኑ ካሉት ጋር በትክክል አይደጋገፍም፣ በዚያው ሌላ ስንጥቅ ይፈጥራል። የወጣውን ፕሌት መጋዘን ጥግ አታስደግፉት። የሚቀጥለው ፈረቃ መለዋወጫ መስሎት ይመልሰዋል። እኛ በዕለቱ በመቀስ ለሁለት ቆርጠን ነው ለቆራሌው የምንሰጠው።